የአበልጅ ተሳቢ

ብረት በድንገት አይሰበርም። በድንገት ተሰበረ የሚለው ሲሰነጠቅ ያላየው ሰው ነው። ብረት ከመሰበሩ አስቀድሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፤ ስንጥቋ ጭነት በመጣ ቁጥር ጥቂት ትራመዳለች፤ ዝገቷም በቀለሙ ላይ የሻይ ጠብታ መስሎ ይወርዳል። የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት በዚሁ፣ በብረት ድካም ላይ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ በጊዜያዊ ውል አስተምሬያለሁ። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ ቆይቶ አንድ ክረምት ሳይታደስ ቀረ። ምክንያቱን የጠየቅሁበት ኢሜይል እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የተማሪዎቼ ምስጋና ግን ደርሶኛል፤ በሻይ ኩባያ ላይ ታትሞ።

አሁን የምሠራው በምሥራቅ ኦክላንድ፣ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ በእንግሊዝኛ ረጅምና የተከበረ ስም አለው። በአማርኛ ሲነገር አጭር ነው፤ የጭነት መኪና ባለቤቶች የመንገድ ተቆጣጣሪ የደኅንነት ጥፋት ሲጽፍባቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ እኔም መልሱን እጽፋለሁ። አብዛኞቹ ያገሬ ልጆች ናቸው። በሱዳን በኩል መጥተው፣ ፓርኪንግ ጠብቀው፣ ታክሲ ነድተው፣ በመጨረሻ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያወጡበት መኪና የገዙ ሰዎች። "ዶክተር" ይሉኛል። አክብሮት ነው፤ በአክብሮቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሳቅ ግን አታመልጠኝም።

እሱ የመጣው በሁዳዴ አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ፣ ከደንበኞቼ ሁሉ ረጋ ያለው ሹፌር ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ቆቡን አወለቀ።

"ዶክተር፣ ትንሽ ቫዮሌሽን ቢጤ አግኝታኛለች።"

የጥፋት ወረቀቱን አነበብኩት። "ትንሽ አይደለችም። ተሳቢውን ከመንገድ አውጥተውታል። ተቀመጥ።"

"እሱማ እዚያው የጭነት ሚዛን ጣቢያው ጋ ቆሟል። አበልጄ ዌልደር ልኮ፣ አስበይዶ ያስነሣዋል።"

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እነዚህ መኪኖች ሁለት አካል ናቸው፤ ፊት ያለው ሞተሩንና ሹፌሩን ይይዛል፤ ኋላ ያለው ተሳቢ ጭነቱን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከተሳቢው ሆድ ወደ ታች የወጣ፣ ከሕፃን ክንድ ያልወፈረ አንድ የብረት ምሰሶ ነው። ምሰሶው የተተከለው በወፍራም ዝርግ ብረት ላይ ነው። ያ ዝርግ ብረት ከተሰነጠቀ፣ አንድ ቀን ተሳቢው ከነጭነቱ ከፊተኛው ይለያል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛው መስመር እንደሚሄድ የሚያዝዘው የለም። የተሰነጠቀው ይህ ዝርግ ብረት ነበር። የሚዛን ጣቢያው መርማሪ ፖሊስ በመብራት ሲያይ ስንጥቁ በብየዳ ተሸፍኖ፣ ብየዳው በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ አገኘው።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ከታች የተጻፈው ነበር፤ ሹፌሩ ብየዳውን ራሱ እንዳደረገ ተናግሯል ይላል።

"ብየዳ ትችላለህ እንዴ?" አልኩት።

"እኔ? የት አውቄ።"

"እዚህ ላይ 'እኔ ነኝ የበየድኩት' ብለሃል።"

ቆቡን ጉልበቱ ላይ አዞረው። "ጠየቀኛ! 'ማነው ይህን ያደረገው' አለኝ። ታዲያ ምን ልበለው? የአበልጄን ስም ለፖሊስ ልስጥለት?"

ተሳቢው የእሱ አልነበረም። ሳን ሆዜ ውስጥ ግቢ ያለው፣ ብዙ ተሳቢዎች የሚያከራይ የአንድ ያገራችን ሰው ንብረት ነው። የዚያ ሰው ሚስት የሹፌሩን ሴት ልጅ ክርስትና አንሥታለች። ብየዳውም ቀለሙም የተደረገው በዚያ ግቢ ውስጥ፣ ሹፌሩ ተሳቢውን ከመረከቡ በፊት ነው።

በሕጉ ዘንድ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስንጥቁን ሳያይ የነዳ ሰው ቸልተኛ ነው፤ ስንጥቁን አይቶ፣ ራሱ በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ የነዳ ሰው ግን አውቆ አጥፊ ነው። ለቸልተኛ ማስጠንቀቂያ አለ። ለአውቆ አጥፊ ኢንሹራንስ የለም፤ ኢንሹራንስ ለሌለው ደግሞ የወደቡ በር አይከፈትም። የአንድ ሰው መኪና፣ የአሥራ ምናምን ዓመት ልፋቱ፣ በአንዲት የይሉኝታ ዓረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህን ቃል በቃል ነገርኩት።

"ስትከራየው የፈረማችሁት ውል አለ?"

"ከአበልጅ ጋር ውል?" ከልቡ ሳቀ። "ዶክተር ደግሞ! ሰው ምን ይለኛል?"

ሬድውድ ሲቲ የሚቀመጠው የኢንሹራንስ ወኪል ትሑት ወጣት ነው። ትሕትናው ለማንም ጠቅሞ አያውቅም፤ የሚጠበቅብንን ግን በግልጽ ነገረኝ። የተሳቢው ባለቤት ብየዳው የእሱ እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጦ ከፈረመ፣ መዝገቡ እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል። ካልፈረመ ኢንሹራንሱ ሲያልቅ አይታደስም። አንድ ገጽ፣ አንድ ፊርማ። ገጹን በዚያው ቀን አዘጋጀሁት።

ቅዳሜ ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ክርስትና የተነሣችው ልጁ፣ አሁን የነርስ ተማሪ፣ ነዳችልን። አባትየው መኪናው ቆሞበት ከልጁ ጎን እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል። እሱ በአማርኛ ይናገራል፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

"ዳድ፣ ዩ ላይድ ቱ ኤ ኮፕ። ፎር ሂም!" አለችው፤ ለእሱ ብለህ ፖሊስ ዋሸህ ስትል።

"አንቺ አርፈሽ ንጂ። የክርስትና እናትሽ ባል ነው።"

"ሺ ጌቭ ሚ ኤ ኔክሌስ።" የአንገት ሐብል ሰጥታኛለች ማለቷ ነው።

"ኔክሌስ!" ወደ እኔ ዞረ። "ይስሙልኝ ዶክተር፤ ማተቡን እኮ ነው!"

ልጅቷ በመስተዋቱ አየችኝና ፈገግ አለች። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ጭኔ ላይ ያለው ያልተፈረመ ገጽ ግን ከለከለኝ።

ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ እስከ ግቢው በር ወጣ። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ ወፈር ያለ፣ በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ውስጥ የማይታጣ ሰው ነው።

"ዶክተርዬ! እርስዎን የሚያህል ሰው እዚህ ግሪስ መሃል! ምነው እኔ ብመጣ? ጾም ሆነና ምን ላቅርብልዎ!"

ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገኝም፤ ያሸነፈኝም ይኸው ነው። ምንም አልካደም።

"አዎ፣ እዚሁ ነው የተበየደው። ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። አበልጄ ምን አጠፋ? የእኔን ዕዳ ነው የተሸከመልኝ፣ እግዜር ያክብረው" አለና የሹፌሩን ትከሻ ያዘ።

"እንግዲያው ይህን ይፈርሙልን" አልኩት።

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አነበበው። ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ከዚያ ገጹን በሁለት እጁ፣ እንደ ክብር ዕቃ፣ መለሰልኝ።

"እህቴ፣ በአፌ የነገርኩዎትን ወረቀት ላይ ለምን? ወረቀት ፍርድ ቤት ይወስዳል። እኔና እሱ ፍርድ ቤት የምንተያይ ሰዎች ነን? ነገራችን በሽማግሌ ይታይ። እዚያ የፈረዱብኝን ሁሉ እቀበላለሁ።"

"ኢንሹራንሱ ሽማግሌ አያውቅም።"

"ሽማግሌ ግን ሁሉን ያውቃል" አለኝ፤ ሹፌሩ ሳቀ።

ያን ጊዜ የሹፌሩን ፊት አየሁት። በርቷል። ከመኪናው ይልቅ ሲያስጨንቀው የነበረው የአበልጁ ዝምታ ኖሯል። "እኔ ነኝ" መባሉን ሰማ፤ በቃው።

ተሳቢው ከሚዛን ጣቢያው ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ቀሚሴን ሰብስቤ ከሥሩ ገባሁ። በስንጥቁ ላይ ብየዳ፣ በብየዳው ላይ ሌላ ብየዳ፣ ከሁሉም በላይ ገና ያልደረቀ ጥቁር ቀለም።

"አሁንማ እንደ አለት ሆኗል!" አለ ባለቤቱ ከላይ።

"አለት አይበየድም" አልኩት። "ብየዳ ዙሪያውን ያለውን ብረት ያደርቀዋል፤ የሚቀጥለው ስንጥቅ ከብየዳው ጠርዝ ይጀምራል። ዝርጉ ብረት ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ መተካት አለበት።"

"ዶክተርዬ ሲናገሩ እኮ ደስ ይላሉ! ይቀየራል፣ ይቀየራል። ፋሲካን እንዋልና።"

ከሥሩ ስወጣ ልጅቷ እጄን ይዛ አነሣችኝ። "ኢዝ ሂ ጎና ሳይን?" አለችኝ፣ ይፈርማል ወይ ስትል። ከቀሚሴ አቧራውን አራገፍኩ። መልሱን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም የጠየቀችኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኦክላንድ ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ሦስት ነበሩ። ዋናው በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ናቸው። እሳቸውን ሳይ ተስፋ አደረግሁ። የሚለካና የማይለካ ነገር የሚለዩ ሰው ናቸውና፣ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የእኔን ቋንቋ የሚሰማ ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

የምናገርበት ጊዜ ተሰጠኝ። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ብየዳው፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ፊርማው በቅደም ተከተል ተናገርኩ። ስጨርስ ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዶክተር፣ ያሉት በሙሉ ገብቶኛል። ልክም ነዎት። ነገር ግን እኛ እዚህ የተቀመጥነው ስለ ብረት አይደለም፤ ስለ ሁለት ሰዎች ነው።"

ከዚያ ባለቤቱ ተነሥቶ ወጣ። የት ሄደ ሲባል፣ በመኪና ማቆሚያው አጥር ሥር ለጌጥ ከተደረደሩት ነጫጭ ድንጋዮች አንዱን በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። በሹፌሩ ፊት አጎነበሰ።

"አበልጄ፣ በእኔ ጥፋት ስምህ ተጻፈ። ይቅር በለኝ።"

ሹፌሩ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። "ኧረ በመድኃኔ ዓለም! አውርዱለት! ምን ጉድ ነው!" ድንጋዩን ራሱ ነጠቀው። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከአዳራሹ ጫፍ ድስት ያጥቡ የነበሩ ሴቶችም እንባቸውን ጠረጉ። ትዕይንቱ ሐሰት አልነበረም። ሐሰት ቢሆን በቀለለኝ።

"ተፈታ" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ከእንግዲህ ይህን ነገር ያነሣ ሰው የዕርቁ አፍራሽ ነው።"

ገጹን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። "ፊርማው ቀርቷል።"

ባለቤቱ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ፕሮፌሰሩ እንደ ታማሚ አዩኝ። የመለሰልኝ ሹፌሩ ነው።

"ዶክተር፣ ይተዉት። አልቋል።"

"ምኑ ነው ያለቀው?"

"ጠባችን።"

"እናንተ መቼ ተጣላችሁ?"

ከድስት አጣቢዎቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሌላዋ "ዝም በይ አንቺ" ብላ ጎሸመቻት። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። ለምኖኝ ነበር፤ ዓይኑ ይለምነኝ ነበር፤ ዝም እንድልለት። ያልነበረ ጠብ በዕርቅ ተዘጋ፤ እኔ ልሠራው የምችለው ብቸኛ ነገርም አብሮ ተዘጋ። ባለቤቱ አሁን ቢፈርም ዕርቁን ራሱ ማፍረሱ ነው፤ ሹፌሩ አስፈርሙልኝ ቢል በድንጋዩ ላይ መሳለቁ ነው። ድንጋዩን ወደ አጥሩ የመለሰው ማን እንደሆነ አላየሁም። ስወጣ ግን በቦታው ነበር።

የእርማት ጥያቄውን ለመርማሪዎቹ መሥሪያ ቤት ያለ ፊርማው ላክሁት። ተከራከርኩ፤ ሹፌሩ ጥያቄው በቅጡ እንዳልገባው፣ እንግሊዝኛው የተወሰነ እንደሆነ፣ የብየዳ መሣሪያ እንደሌለው ጻፍኩ። የጻፍኩት ጥሩ ነበር። የመጣው መልስ አጭር ነው፤ ሹፌሩ በቦታው የሰጠው ቃል የሚጸና በመሆኑ መዝገቡ አይለወጥም። ሬድውድ ሲቲ ደወልኩ። ወጣቱ ወኪል በጣም እንዳዘነ ነገረኝ። ኢንሹራንሱ አልታደሰም፤ መኪናው ወራት ቆሞ፣ ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ወሰደው። የወሰዱት ዕለት ሹፌሩ ደወለልኝ። ጎማዎቹ አዲስ እንደነበሩ ብቻ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አመሰገነው። አበልጁ ሥራ ሰጠው። በራሱ መኪና፣ በራሱ ኢንሹራንስ ሥር አስገብቶ ሹፌር አደረገው። "ካሳ ማለት እንዲህ ነው" አሉኝ ፕሮፌሰሩ፣ ኤል ሴሪቶ ቤቴ አጠገብ ባለው መደብር ተገናኝተን። ሽንኩርት እየመረጡ ነበር። "አየሽ ዶክተር፣ የእኛ መንገድ ረዥም ቢሆንም ያደርሳል።" ሲያጽናኑኝ "አንቺ" አሉኝ። ሹፌሩ የትኛውን ተሳቢ እንደሚጎትት ጠየቅኋቸው። አያውቁም።

እኔ ያወቅሁት ከልጅቱ ነው። አንድ ጠዋት ደወለችልኝ። በዚያ ጠዋት አማርኛ ሞከረች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ አመጣቻቸው።

"ዶክተር... አባዬ ያንን ትሬለር ነው የሚነዳው። ያንኑ። ፕሊስ፣ አንድ ነገር ያድርጉ።"

ሐሙስ ወደ ወደብ ሲያልፍ እንዲያየኝ ለአባቷ ነገርኩት። መጣ። ከጎማ ቤቱ ፊት ለፊት ጥግ ይዞ አቆመ። ባዶ ኮንቴይነር ነበር የጫነው፤ ከሳን ሆዜ መምጣቱ ነው፤ ሊመልስ። መብራቴን ይዤ ወረድኩና ከተሳቢው ሥር ገባሁ። ፋሲካ ካለፈ ቆይቷል፤ ዝርጉ ብረት ግን አልተቀየረም። ከሁለተኛው ብየዳ ጠርዝ፣ ልክ ይጀምራል ካልሁበት፣ ቀለሙ እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰንጥቆ ነበር። ዝገቱ ገና መውረዱ ነው።

ትክክል መሆኔ ምንም ደስታ አልሰጠኝም። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኛለሁ።

"አይተኸዋል?" አልኩት።

አጎንብሶ አየ። "አይቻለሁ።"

"ታምነዋለህ?"

"አበልጄን?"

"ብረቱን።"

ካጎነበሰበት ቀና አለ። "ቀኝ እይዛለሁ። ከፊቴ ርቀት እተዋለሁ። ፍሬን በኃይል አልይዝም። ቁልቁለት ካለ ቀስ እላለሁ።"

"ታውቃለህ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ፣ ዶክተር።"

ለካ ሳስረዳ የከረምኩት ያልጠፋን ነገር ነው። ሊቃውንት ሁሉ ሰው የሚሳሳተው ባለማወቅ እንደሆነ ያስተምራሉ፤ እኔም ይህንኑ አስተምሬ እንጀራ በልቼበታለሁ።

"ብደውልስ?" አልኩት። "ለመርማሪዎቹ። አሁን።"

"ይደውሉ።" ድምፁ ቁጣ የለውም። "የሚያገኙት ግን እኔን ነው። መዝገቡን ሲከፍቱ ይኼ ሰውዬ ያኔም በይዶ ነበር ይላሉ። መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል። ከዚያ ፓርኪንግ ልጠብቅ? በዚህ ዕድሜዬ?" ቆቡን አስተካከለ። "ለልጄ ደግሞ እንዳይነግሯት።"

ስልኩ በኪሴ ነበር። የሚደወልበትን ቁጥር ወረቀት ሳላይ አውቀዋለሁ። ብደውል ከመንገዱ የሚወጣው እሱ ነው፤ ተሳቢው ሌላ ሹፌር ያገኛል፣ ያውም ርቀት መተው የማያውቅ ወጣት ሊሆን ይችላል። ባልደውል ከኋላውና ከጎኑ በሚነዱት፣ ስማቸውን በማላውቃቸው ሰዎች ላይ ፈርጃለሁ። ሁለቱንም መዘንኩ። መመዘን ሙያዬ ነው፤ ሚዛኑ ግን በየትኛውም በኩል አልወረደም፤ ስልኩም ከኪሴ አልወጣም።

ያደረግሁት ሌላ ነው። የቢሮዬን ቁልፍ አውጥቼ እንደገና ከሥሩ ገባሁ፤ ቀለሙን ከስንጥቁ ላይ መፋቅ ጀመርኩ። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅሁት። የሚቀጥለው መርማሪ በመብራት ሳይፈልግ፣ ጎንበስ ሲል ብቻ እንዲያየው። ሹፌሩን ለመጉዳት ወይም ለማዳን ብዬ አልነበረም። ቢያንስ ስንጥቁ ስንጥቅ መስሎ እንዲታይ ነው። የቀለሙ ፍቅፋቂ ፀጉሬ ላይ ረገፈ።

እሱ አልከለከለኝም። ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ ጋቢናው ወጥቶ ከወንበሩ ሥር አንዲት ቆርቆሮ ጥቁር ቀለምና አንድ ብሩሽ ይዞ ወረደ። ከመሣሪያዎቹ ጋር፣ ከመፍቻውና ከመዶሻው ጋር፣ ከግቢው የተሰጠው ነው። ከጎኔ በጉልበቱ ገባ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ" አለኝ። ብሩሹን ነከረ። "መብራቱን ወደዚህ።"

መብራቴን አጠፋሁት።

እሱም የስልኩን መብራት አበራ፤ በጥርሱ ነክሶ ይዞት መቀባት ጀመረ።